ንጉሡና ንግሥቲቱ ከነልጆቻቸው ሲመጡ ምን ይሰናዳ? የውይይት ክር ከነምላሾቹ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ክሩን የከፈተችው በአሜሪካ የአንድ የኤስሲኤ ቡድን የጥቅምት ዝግጅት አስተባባሪ ናት። ኤስሲኤ፣ በሙሉ ስሙ ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ በአንድ ቤት ጓሮ ከተደረገ ድግስ የተነሣ ማኅበር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የነበረውን አለባበስ፣ ምግብ፣ ፍልሚያና የቤተ መንግሥት ሥርዓት እየኖሩ የሚማሩበት ሲሆን ዛሬ በየአካባቢው የተከፈሉ 20 መንግሥታት አሉት። ንግሥና በትውልድ አይገኝም። በዘውድ ፍልሚያ ቀን ጥሩር ለብሶ፣ ራታን ከተባለ ቀርከሃ መሰል ተክል በተሠራ ሰይፍ ተፋልሞ ያሸነፈ ሰው ከአጋሩ ጋር መጀመሪያ አልጋ ወራሽ ይሆናል፤ ወራት ቆይቶ ዘውድ ይጭናል፤ በአብዛኞቹ መንግሥታት ግማሽ ዓመት ያህል ነግሦ ለተረኛው ያስረክባል። በዌስት መንግሥት ግን በዓመት 3 ጊዜ ነው ዘውድ የሚለዋወጠው። እንግዲህ ግርማዊነትዎ እየተባሉ እጅ የሚነሣቸው ሰዎች ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ የሚውሉ፣ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ልጆቻቸውንና ዘውዳቸውን መኪና ላይ ጭነው የሚነዱ ናቸው። ይህን ሳይዙ የሚከተለውን ክርክር መረዳት ያስቸግራል።

አስተባባሪዋ ቡድናቸው ንጉሣውያንን ተቀብሎ እንደማያውቅ ትገልጻለች። ቦታው የተከራዩት የስካውት ካምፕ ነው፤ ወደ 150 ሰው ይጠበቃል። ንጉሡ ይፋለማል። ንግሥቲቱ የ5 ወር ሕፃን ታጠባለች። የ4 እና የ9 ዓመት ልጆችም አሏቸው። አልጋ ወራሾቹ 4 ሰዓት ነድተው ይመጣሉ። ያሰበችውን ትዘረዝራለች፦ ፎቅ ላይ ያለውን ሰፊ ክፍል በመጋረጃ አስጊጦ እልፍኝ ማድረግ፣ በቀኑ 3 ጊዜ የዙፋን ሥርዓት (ንጉሡና ንግሥቲቱ ዙፋን ላይ ሆነው ሽልማት የሚሰጡበት)፣ ማታ 10 ዓይነት ምግብ ያለው ግብር፣ መጨረሻ ላይ 4 ትልልቅ የስጦታ ቅርጫት። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ ምን ጎደለን?

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ይጀምራል። የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ሰው መሆኑን የጠቆመውም እሱ ነው። በቀኑ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ እልፍኝ አስከልካይ ይሰየም ይላል፤ ዝግጅቱን የምታስተባብረዋም፣ ወጥ ቤቱን የሚመራውም አይሁን። ይህ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ይጽፋል፤ የሚጽፈውም ለንጉሡ ሳይሆን ለንጉሡ አጃቢዎች አለቃ ነው። ንጉሡ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍለትን መልእክት አንብቦ አይጨርሰውም፤ አለቃው ግን መልስ መስጠት ሥራው ነው። የሚጠየቀውም አብሮ ተዘርዝሯል፦ ስንት ሰዓት ይደርሳሉ፣ ከነአጃቢው ስንት ናቸው፣ ማን ይፋለማል፣ ማን ምን አይበላም፣ የልጆቹ ዕድሜና የእንቅልፍ ሰዓታቸው፣ እዚያው ያድራሉ ወይስ ይመለሳሉ፣ ደረጃ መውጣት የሚቸግረው አለ ወይ፣ በግል የሚሰበሰቡት ከማን ጋር ነው። 2 ሳምንት ሲቀረው ያው ጥያቄ እንደገና ይላካል፤ በመሐሉ የሚለወጥ ነገር አይጠፋምና። በዕለቱ የሚደወልበት ስልክ አንድ ብቻ ይሁን፤ 5 ሰው 5 ዓይነት መልስ ሲሰጥ ነው እንግዳው ግራ የሚጋባው።

ምላሽ 2

ሁለተኛዋ መላሽ ልብስ ሰፊ ናት። የፎቁን ክፍል ተዉት ትላለች። የሚፋለመው ሰው ከጥሩሩ ጋር፣ እናትየዋ ከሕፃኗ ጋር፣ አጃቢው የዘውድ ሣጥን ታቅፎ በቀን ደርዘን ጊዜ ደረጃ ሊወጡና ሊወርዱ ነው። እልፍኝ ምድር ቤት ላይ፣ ከአዳራሹ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ መጸዳጃ ቤት አጠገቡ ያለ፣ መግቢያው በወጥ ቤት በኩል ያልሆነ ክፍል ነው። ጠባብ ይሁን ግዴለም፤ በሩ ግን ይቆለፍ። ቁልፉም 2 ይሁን፤ አንዱ በእልፍኝ አስከልካዩ እጅ፣ አንዱ በአጃቢዎቹ አለቃ እጅ። በ3ኛ ሰው እጅ የገባ ቁልፍ በተፈለገ ሰዓት አይገኝም።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ትገባለች፤ ከክሩ ሁሉ እጅግ የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት። የልብስ መስቀያው የብረት ይሁን፤ ገበያ ላይ ያለው ቀጭኑ የፕላስቲክ ዓይነት የሱፍ ካባና የከፋይ ቀሚስ ሲሰቀልበት መሐሉ ጎብጦ ይወድቃል። መስኮቱ በጨርቅ ይሸፈን። 2 ጥንዶች ስለሆኑ መሐል ላይ መጋረጃ ይዘርጋ፤ አንዱ ሲለብስ ሌላው እንዲያርፍ። ሶኬት፣ የቆሻሻ ቅርጫት፣ ክንድ የሌላቸው 6 ወንበሮች፤ ሰፊ ቀሚስ ክንድ ባለው ወንበር ላይ አይቀመጥም። ዘውድ ጠረጴዛ ላይ ከነሣጥኑ ይቀመጥ እንጂ ወንበር ላይ ፈጽሞ እንዳይቀመጥ፤ የደከመው ሰው ሳያይ ይቀመጥበታል። ዘውዱ ራሱ በ10 የተለያየ ራስ ላይ የዋለ ስለሆነ ለማንም ልክ አይመጣም። በውስጥ ዙሪያው የሚለጠፍ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ያስፈልገዋል፤ በላብ ርሶ ሲላቀቅ የሚተካው 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ፣ ባለ 2 ፊት ማጣበቂያ፣ የፀጉር ፒንና መርፌ ቁልፍ በአንዲት ቆርቆሮ ውስጥ ተደርጎ መስታወቱ ሥር ይቀመጥ። ንግሥቲቱ ጎንበስ ብላ ለሕፃን ሽልማት ስትሰጥ ዘውዷ ወደ ግንባሯ የሚንሸራተተው ይህ ጥብጣብ ስለጎደለ ነው።

ክፍሉን የሚያበላሸው ምን እንደሆነም ታውቃለች። እስከ ረፋድ ድረስ የሁሉም ሰው ቦርሳ ማስቀመጫ ሆኖ ይገኛል። በሩ ላይ እነማን እንደሚገቡ ተጽፎ ይለጠፍ ትላለች።

ምላሽ 3

ሦስተኛው ስለ አጃቢዎች ነው፤ ከ1ኛው ጋርም በትሕትና አይስማማም። አንድ እልፍኝ አስከልካይ ሁሉን ይሸከማል ማለት ከቀትር በፊት ሰውየውን መግደል ነው ይላል። በየ2 ሰዓቱ በሚቀየር ፈረቃ ሰዎች ይመዝገቡ፤ በእያንዳንዱ ፈረቃ ከንጉሡ ጋር አንድ፣ ከንግሥቲቱ ጋር አንድ፣ እልፍኙን ሳይለቅ የሚጠብቅ አንድ። የምግብ ሰዓት ላይ ፈረቃ የሚቀየር ከሆነ ተረኞቹ ቀድመው ይብሉ፤ የራበው አጃቢ ትዕግሥቱ አጭር ነው። አጃቢው የሚይዘው ቅርጫትም ተነግሯል፦ ክዳን ያለው የውሃ ዋንጫ፣ ንጹሕ መሐረብ፣ እስክሪብቶና ትንሽ ደብተር፣ የቀኑ መርሐ ግብር በወረቀት፣ የእጅ ማጽጃ፣ አንድ ፖም። ደብተሩ ለምን? ሰው ሁሉ ንግሥቲቱን መንገድ ላይ አስቁሞ ለሽልማት የሚገባውን ሰው ስም ይነግራታል፤ ያልተጻፈ ስም ማታ ይረሳል።

ምላሽ 4

አራተኛዋ ወጥ ቤት የምትመራ ናት፤ ንግግሯ ቆምጠጥ ያለ ነው። 10 ዓይነት ምግብ ማብሰል ክብር እንዳልሆነ በግልጽ ትናገራለች። 6 በደንብ የበሰለ ምግብ በሰዓቱ ትኩስ ሆኖ ከቀረበ ይበቃል። ከዚያ ሁሉም ሰው ሊያነበው ወደሚገባው ጉዳይ ታልፋለች፤ ይኸውም የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ወጥ ቤት የአልሞንድ ወተት ነው። ያኔ በጾም ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ስለማይነካ፣ እኛ ከሱፍና ከተልባ እንደምናወጣው ሁሉ እነሱም አልሞንድ ወቅጠውና አጥልለው ወተት ያደርጉት ነበር። ስለዚህ የዘመኑን አሠራር የተከተለ ምግብ ሁሉ ነጭ መረቁ ከአልሞንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚበላው ሰው ደግሞ ክሬም ነው ብሎ ያስባል። አለርጂ ላለበት ልጅ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። መፍትሔዋ በእያንዳንዱ ሳሕን ፊት ሙሉ ንጥረ ነገሩ የተጻፈበት ካርድ፣ ለንጉሣውያኑ ማዕድም ለብቻው የተለየ ማማሰያና ድስት ነው። አልሞንድ የሌለበት ተብሎ የተቀመጠ ምግብ በሌላው ጭልፋ ከተጨለፈ ከንቱ ነው።

ምሳን በሚመለከት የተናገረችው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ንጉሣውያን ወደ ምሳ ማዕድ ከሄዱ አይበሉም፤ 3 እርምጃ ሳይራመዱ ሰው ያነጋግራቸዋል። ምግቡ በተወሰነ ሰዓት ተከድኖ እልፍኝ ይግባላቸው። የማይንጠባጠብና የማያቀልም ይሁን፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ አይብ፣ የቀዘቀዘ ጥብስ፣ ዳቦ፣ የተከተፈ ፖም። ቀይ ሥርና ሳፍሮን ያለበት ወጥ ነጭ የተልባ እግር ቀሚስ ላይ ጠብ ሲል ቀኑን ያበላሻል።

ምላሽ 5

አጭር እርማት ነው። በካምፕ ወጥ ቤት ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ4 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት፤ እልፍኝ ውስጥ የሚቀመጠውም አይብና ሥጋ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ከዋለ ይጣል ይላል። 4ኛዋ ስላልጠቀሰችው ነው እንጂ ሳታውቀው ቀርታ እንዳልሆነም ይጨምራል።

ምላሽ 6

ስለ ቤተሰቡ በሙሉ ልብ የጻፈችው 6ኛዋ ናት። እስካሁን ሁሉም ስለ ዘውድና ስለ ማዕድ ሲያወሩ ልጆቹን ማንም እንዳላነሣ ታስታውሳለች፤ ትክክል ናት። ንግሥና በውርስ ስለማይተላለፍ የንጉሡ ልጅ ልዑል አይደለም፤ ማዕረግ የለውም፣ ሥርዓቱም ቦታ አላዘጋጀለትም። ልጁ ግን አለ፤ ይርበዋል፣ ይሰለቸዋል፣ እናቱን ይፈልጋል። እንግዳ ተቀባዩ ቡድን ካላሰበበት የሚያስብለት አያገኝም።

ትልቁ ችግር የዙፋኑ ሰዓት ነው ትላለች። ያን ጊዜ አባትም እናትም በአንድነት ዙፋን ላይ ናቸው። የ4 ዓመቱ ልጅ እናቱን ከ10 ሜትር ርቀት ያያታል፤ ሄዶ ሊያቅፋት አይችልም የሚል ነገር አይገባውም። የማያውቀው ሰው ቢይዘው ይጮኻል። ስለዚህ ልጁ የሚያውቀው አንድ አዋቂ ቀድሞ ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ የአልጋ ወራሾቹ አጃቢ ወይም የቤተሰቡ ወዳጅ ነው። መቀመጫቸው የመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ፣ በር አጠገብ ይሁን። ድምፅ የማያወጣ መጫወቻና ፍርፋሪ የማያበዛ ምግብ በእጅ ይያዝ። ልጁ አምልጦ ወደ ዙፋኑ ከሮጠ ደግሞ ይተው፤ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ ሥርዓት አዳራሹን ደስ ያሰኘዋል እንጂ አይረብሽም። የ9 ዓመቷ ሥራ ትፈልጋለች፤ የኒሻኖቹን ትሪ እንድትይዝ ጠይቋት፤ እምቢ ካለችም አትግፏት።

ለሕፃኑ፣ የማጥቢያ ሰዓት መርሐ ግብሩ ላይ እንደማንኛውም ሥራ ይጻፍ። እልፍኙ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ ዝቅ ያለ ወንበር፣ የእግር ማሳረፊያ፣ ዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛና ክዳን ያለው ቅርጫት ይኑር። ንግሥቲቱ ከፊት የሚከፈት ቀሚስ መልበስ እንድትችል የቀኑ ርዝመት ቀድሞ ይነገራት። ሥርዓቱ ሳያልቅ ሕፃኑ ቢያለቅስ ተሸላሚዎችን በስም የሚጠራው አዋጅ ነጋሪ የሚያውቀው ምልክት ይኑር፤ ንግሥቲቱ ቀለበቷን ስትነካ ቀጣዩ ሰው ከመጠራቱ በፊት የሙዚቃ ዕረፍት ይግባ።

የልጆች ጨዋታ ክፍል ካለ ቢያንስ 2 አዋቂ ይኑሩበት፤ 2ቱም በሥጋም በትዳርም የማይዛመዱ ይሁኑ። ይህ የማኅበሩ ደንብ ነው፤ ለንጉሥ ልጅ ተብሎ አይላላም።

ምላሽ 7

ክሩ ከዚህ ጀምሮ ይሞቃል። 7ኛው መላሽ ልጆቹን በተመለከተ ሁሉንም ይቀበልና ወደ ገንዘቡ ይዞራል። የመግቢያ ክፍያ ተነሥቶላቸው፣ ግብሩ በነፃ ቀርቦላቸው፣ 4 ቅርጫት ስጦታ ተሸክመው ሲሄዱ ትንሿ ቡድን የአዳራሽ ኪራይ መክፈል እንደሚያቅታት ይናገራል። ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ወጥ ቤት 14 ሰዓት የቆመው ሰው ለእራቱ ከከፈለ ንጉሡ የማይከፍልበት ምክንያት ምንድን ነው? አነጋገሩ ይጎረብጣል፤ ጥያቄው ግን ባዶ አይደለም።

ምላሽ 8

8ኛዋ ቀጥታ ትመልስለታለች፤ ብዙም አትለዝብም። ለነዳጅ፣ ለማደሪያ፣ ለጨርቅና ለሽልማት ዕቃ ከኪሳቸው የሚያወጡትን ቢደምር የእራት ዋጋ አፉ ላይ እንደማይመጣ ትነግረዋለች። ከዚያ ቁጣዋን ትታ የሚሠራ ነገር ታቀርባለች። ችግሩ የሚፈጠረው ቸርነት በዕለቱ በር ላይ ሲወሰን ነው። ከወራት በፊት በጀቱ ላይ አንድ መሥመር ይግባ፦ 4 ንጉሣውያን፣ 3 ልጆች፣ 4 አጃቢዎች፤ የ11 ሰው ምግብ በጥሬ ዕቃ ዋጋ። ገንዘብ ያዡ ይፈርምበት። ቡድኑ ካልቻለ አይ ብሎ ለአጃቢዎቹ አለቃ ቀድሞ ይጻፍ፤ ቀድሞ የተነገረው ንጉሥ ቅር አይለውም። አጃቢን ረስቶ ንጉሡን ብቻ መጋበዝ ግን ከሁሉ ይከፋል ትላለች፤ ሲያገለግል የዋለ ሰው በር ላይ ቆሞ ሌላው ሲበላ ያያል።

ምላሽ 9

9ኛው ታሪክ አዋቂ ነው፤ ክሩን ይዞት ከመንገድ ይወጣል። በእንግሊዝ የንጉሡ ሰዎች እህልና ከብት ራሳቸው በቆረጡት ዋጋ ይወስዱበት የነበረው ሥርዓት ለዘመናት የሕዝብ ምሬት እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1575 ሮበርት ደድሊ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን በኬኒልወርዝ ግንብ 19 ቀን ሲያስተናግድ ወጪው እስከዛሬ የሚወራ እንደሆነ ያነሣል። ከዚያ ወደኛ ሀገር ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል ልዑክ ያገኘው ዋና ከተማ በድንኳን የሚንቀሳቀስ እንደነበር፣ ሰፈሩ በተነሣና በተተከለ ቁጥር የንጉሡ ድንኳን፣ የቀኙና የግራው ወገን፣ የቤተ ክርስቲያኑና የወጥ ቤቱ ቦታ አስቀድሞ የታወቀ እንደነበር ይጽፋል። ጥሩ ትምህርት አለው ይላል፤ የማን ድንኳን የት እንደሚተከል የታወቀበት ሰፈር በጨለማም ይተከላል። ማኅበሩ የሚያድሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ያለውን ስለሆነ፣ የሀበሻ ባላባት ሆኖ ጥሩ ሸማና ካባ ለብሶ መምጣት የሚፈልግ ቢኖር በሩ ክፍት እንደሆነም ያክላል። ከጉዳዩ ቢርቅም ሳነበው ደስ ብሎኛል።

ምላሽ 10

10ኛው አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ወደ ጥቅምቱ ዝግጅት እንመለስ ብሎ ሒሳብ ያሰላል። አንድ ሽልማት ከስም ጥሪ እስከ ጭብጨባ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይወስዳል። ሰውየው ከአዳራሹ ኋላ ከተነሣ 3 ነው። ስለዚህ 20 ሽልማት ማለት 1 ሰዓት ነው፤ አንድ ሰው ወደ ፈረሰኛነት ማዕረግ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጨመራል። በቀን 3 የዙፋን ሥርዓት ካለ 3 ጊዜ ልብስ መቀየር፣ 3 ጊዜ ሰው መሰብሰብ ነው። ጠዋት አጭር፣ ማታ ዋናው፣ 2 ብቻ ይሁን። በግብሩ መሐል ሥርዓት ማስገባት ደግሞ 4ኛዋ ያበሰለችውን ያቀዘቅዛል።

ለተሸላሚዎች የሚሰጡትን ብራናዎች የተመለከተው ምክሩ ለአዲስ ቡድን ውድ ነው። በጥሪው ቅደም ተከተል፣ ፊታቸው ወደ ላይ፣ በጠፍጣፋ ሣጥን ይደርደሩ። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት በቅንጥብ ይያያዝ፤ በማጣበቂያ ከተያያዘ ወርቅ ቅቡን ይዞት ይነሣል። ከሣጥኑ አጠገብ የውሃ ዋንጫ አይቀመጥ። ተሸላሚው አዳራሹ ውስጥ መኖሩ ከሥርዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ምሥጢሩ ሳይገለጥ ይጣራ፤ ወዳጁን በሌላ ሰበብ አስመጣልን ማለት ይቻላል። ከዙፋኑ ፊት የሚንበረከኩበት ትራስ ወፍራም ይሁን፣ ከሥሩም የማያንሸራትት ጨርቅ ይነጠፍ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ቆሞ እንዲቀበል አዋጅ ነጋሪው ቀድሞ ይወቅ፤ እዚያው ሲደርስ ጉልበቴን ማለት ያሳፍረዋል።

ምላሽ 11

ተፋላሚው 11ኛ ነው። ፍልሚያው 9 ሰዓት ካለቀ ዋናው ሥርዓት ከ11 ሰዓት በፊት አይጀመር ይላል። ጥሩር ለማውለቅ ሩብ ሰዓት፣ ለመታጠብ ሩብ ሰዓት፣ ለመብላት፣ ለመልበስ፣ ሽልማቶቹን ከንግሥቲቱና ከአዋጅ ነጋሪው ጋር አንዴ ለማንበብ የቀረው ሁሉ ይሄዳል። በሙቀት የሚፋለም ሰው በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ገደማ ይጠጣ፤ ጨውም ስለሚያስፈልገው በኮምጣጤና በጨው የተዘፈዘፈ ኪያርና የተላጠ ብርቱካን በሜዳው ዳር ይኑር። ከጥሩሩ ሥር የሚለበሰው ጥጥ የተሞላ ልብስ በላብ የራሰ ስለሆነ እልፍኝ አይግባ፤ ከነንግሥቲቱ ቀሚስ ጋር በአንድ ክፍል ከታጎረ ሁሉም ይሸታል። ውጭ በጥላ ሥር ገመድ ይዘርጋለት። ምላሽ 2ን ጠቅሶም፣ እዚያ ከተባለው ሌላ 2ኛ የልብስ መስቀያ ለዚህ ይሁን ይላል።

ምላሽ 12

በር ላይ ስለሚቆመው ሰው ነው፤ ቁጣ አለበት። እልፍኝ ጠባቂ ተብለው የቆሙ ወጣቶች ሽማግሌን አንገት ለአንገት ተናንቀው ሲመልሱ ታይቷል፤ ሽማግሌው ንጉሡ ራሱ ያስጠራው ሰው ነበር ይላል። በር ላይ የሚያስፈልገው አጋፋሪ ነው። አጋፋሪ ስም ይጠይቃል፣ ወንበር ይሰጣል፣ መልእክት ያስገባል፣ መልስ ያመጣል። ንጉሡ የሚያርፍበት ሰዓት በር ላይ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ማንም አይገባም፣ ማንም አይቀየምም። 2ኛዋ በበኩሏ፣ በሩ ላይ ይለጠፍ ያለችው ዝርዝር ለዚሁ እንደሆነ መልሳ ታስረዳለች፤ እሱ ግን ዝርዝር ያነበበ ዘበኛ እንጂ አጋፋሪ አይወጣውም ይላታል። ሁለቱ 3 ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ለአንባቢ የሚጨምረው ስለሌለ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 13

ስጦታን በተመለከተ ነው። በአውሮፕላን የመጣ ንጉሥ ጠርሙስና የሸክላ ዕቃ ይዞ አይሄድም። በመኪና የመጣውም መኪናው በጥሩርና በልጅ ጋሪ ሞልቷል። 4 ትልልቅ ቅርጫት ከሚዘጋጅ፣ ንጉሣውያኑ በሌላ ዝግጅት ለሰው የሚያከፋፍሉት የእጅ ሥራ ቢሰጣቸው ይሻላል፦ የተጠለፈ የመርፌ መያዣ፣ የተሸመነ መቀነት፣ በእጅ የተሠራ ሳሙና። 20 ትንንሽ ነገር በአንድ ጠፍጣፋ ሣጥን፣ እያንዳንዱ ላይ የሠሪው ስም ተጽፎ። ስም ከሌለው ማንን እንደሚያመሰግኑ አያውቁም። ሻማና ሽቶ ያለበት ነገር ይቅር፤ ሕፃን ያለበት መኪና ነው።

ምላሽ 14

አስተባባሪዋ ተመልሳ ያሻሻለችውን ታቀርባለች። እልፍኙ ምድር ቤት ወዳለው የመማሪያ ክፍል ወርዷል። የዙፋን ሥርዓቱ 2 ሆኗል፣ ምግቡ 6። የማጥቢያ ሰዓት መርሐ ግብሩ ላይ ተጽፏል፤ የ11 ሰው ምግብም በጀት ላይ ገብቷል። ሁሉንም በየምላሹ ቁጥር አመስግናለች። አንድ ጥያቄ ቀርቷታል፤ አየሩ ጥሩ ከሆነ ዋናውን ሥርዓት ውጭ ማድረግ ትፈልጋለች፣ ያለቻቸው ድንኳን ግን በ3 ሜትር የምትዘረጋው ተጣጣፊ ናት።

ምላሽ 15

መልሱ የመጣው ድንኳን በመትከል ከኖረ ሰው ነው። ያቺን ድንኳን ነፋስ እንዳያነሣት በየእግሯ ቢያንስ 18 ኪሎ ክብደት ይታሰር፤ በውሃ የተሞላ ጀሪካን ይሆናል፣ ግን ገመዱ ከእግሩ ጫፍ ሳይሆን ከላይኛው ማዕዘን ይወረድ። በእግሩ ብቻ ከታሰረ ጣራው ይነሣና ክንዱ ይሰበራል። የብረት እግሮቹንና ዘመናዊ ጣራውን በሸማ ወይም በተልባ እግር ጨርቅ መሸፈን ይቻላል፤ ጨርቁ እንደ ሸራ ነፋስ እንዳይይዝ ከታች 1 ጋት ክፍት ይተው። ጥቅምት ላይ 11 ሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመታ ዙፋኑ ወደ ምዕራብ ከዞረ ንጉሡ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ወደ ምሥራቅ ከዞረ ሕዝቡ ሁሉ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው የሚያየው። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዙሩት፤ ፀሐይዋ ለሁሉም ከጎን ትሆናለች። የዙፋኑ እግሮች ለስላሳ ሣር ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር የእጅ መዳፍ ስፋት ያለው ጣውላ ይግባና በምንጣፍ ይሸፈን። የምንጣፉ ጠርዝ በምስማር ይያዝ፤ ንግሥቲቱ ሕፃን ታቅፋ ስትነሣ የቀሚሷ ጫፍ የሚጠልፈው እዚያ ጋ ነው።

6ኛዋ እዚህ ላይ ጣልቃ ትገባና፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ካምፑ ስለሚበርድ ለሕፃኑ ከዙፋኑ ኋላ ጋቢ የያዘ ሰው ይቁም ትላለች።

ምላሽ 16

የመጨረሻው ረጅም ምላሽ ስለ መልስ ጉዞ ነው፤ እውነትም ያልተነሣው ይህ ነበር። ግብሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲያልቅ የቡድኑ ሰው ሁሉ ወደ ድስት ማጠብ ይሮጣል፤ ንጉሣውያኑ የተኛ ልጅ ታቅፈው ዕቃቸውን ብቻቸውን ይለቅማሉ። 4 ሰው ለጭነት ብቻ ይመደብ። አንዱ ከመኪናው ሳይለይ ዝርዝር ይያዝ፦ ዘውዶች፣ የመንግሥቱ ሰይፍ፣ የተረፉ ኒሻኖች፣ ባንዲራዎች፣ የጥሩር ከረጢት፣ የልጅ ጋሪ፣ የሕፃኑ ቦርሳ። የሕፃኑ ቦርሳ መጨረሻ ይጫን፤ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። እልፍኙን እልፍኝ አስከልካዩ ራሱ በእጅ ባትሪ ይፈትሽ፤ የስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ፣ ቀለበት የመስታወቱ ሥር፣ የልጅ ጫማ ከመጋረጃው ኋላ ይቀራል። አልጋ ወራሾቹ በሌሊት ለ4 ሰዓት ያህል ይነዳሉና በአቅራቢያ የሚያድሩበት ቤት አስቀድሞ ይጠየቅላቸው፤ እምቢ ቢሉ እንኳ ቡናና ስንቅ ይያዝላቸው፣ ሲደርሱ መልእክት እንዲልኩም ስልክ ይሰጣቸው።

ምላሽ 17

7ኛው ተመልሶ መጥቷል። የበጀቱን መሥመር ተቀብያለሁ፣ የአጃቢዎቹም ምግብ ተገቢ ነው ይላል፤ የመግቢያ ክፍያ መነሣቱን ግን አሁንም አይቀበልም፤ የቡድኑ ጠቅላላ ስብሰባ በድምፅ ይወስን ባይ ነው። 8ኛዋ በዚህ እስማማለሁ፣ ስብሰባው ግን ከዝግጅቱ 3 ወር ቀደም ብሎ ይሁን ብላለች። አስተባባሪዋ አጀንዳውን ለሐምሌ ስብሰባ አስይዛለች።